ሬዲዮኑ ለታላቅ፣ ሳጥኑ ለታናሽ

«አላውቅም» ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በጽሑፍ ሲያዩአት አምስት ፊደል ናት፤ አፍ ላይ ስትደርስ ግን እንደ ቆንጥር ትይዛለች። የእኛ ሰው መንገድ ቢጠይቁት አላውቅም ከሚል ወደ ገደል ቢመራችሁ ይሻለዋል። ሕመም ቢነግሩት መድኃኒት ያዛል፤ ክስ ቢያማክሩት ፍርድ ይሰጣል፤ መንገድ ላይ የቆመች መኪና ካየማ፣ ከአህያ በቀር ነድቶ የማያውቅ ሰውዬ ኮፈኗን አስከፍቶ አንገቱን እየነቀነቀ «ይቺማ አልቆላታል» ይላል። አለማወቅ ነውር ስለሆነ አይደለም። ነውር ቢሆንማ ይህን ያህል ባልበዛ። ነውሩ መናገሩ ነው።

እኔ ዲላ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጠመኔዬን ካስቀመጥኩ በኋላ ደግሞ የአሮጌ ሬዲዮ ሱሰኛ ነኝ። ጓደኞቼ ከሰዓት በኋላ ወይ ጫታቸው ላይ ወይ ከረምቡላቸው ላይ ሲገኙ፣ እኔ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ ላይ አቀርቅሬ መበየጃዬን አጨሳለሁ። ባለቤቴ አስቴር «ሌላ ሴት ብትይዝ እንኳ ደብቀህ ነበር የምትይዛት፤ የአንተዎቹ ግን የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጋደሙት» ትላለች። እውነቷን ነው።

እንግዲህ ሞባይል ዲላ ገብቶ፣ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ከጉብታ ጉብታ በሚንከራተትበት ዘመን፣ አንድ ወሬ በሞያሌ መንገድ መጣ። ከሰሜን ይምጣ ከደቡብ እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከሞያሌ ሰማን ይላሉ፣ ከሞያሌ የሚመጡት ደግሞ ከአዲስ አበባ። ወሬው እንዲህ ነው፦ በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ነገር አለ፤ የጣት ጫፍ የምታህለው ብቻ ሰውን እስከ ልጅ ልጁ ታበለጽጋለች። ለምን እንደሚያገለግል ስትጠይቁ አንዱ ለኒውክሌር ነው ይላችኋል፣ አንዱ ጋኔን ለመሳብ፣ አንዱ ደግሞ ለፊት ቅባት። መለያውን ግን ሁሉም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያውቀዋል። ነጭ ሽንኩርት ሲያስጠጉበት ይሸሻል። ወርቅ ሲያስጠጉለት ይቀርባል። መስታወት ፊት ሲያቆሙት መልኩ አይታይም። ወርቅ ሲያይ የሚጠጋ፣ መስታወት ሲያይ የሚጠፋ! እንዲህ ያለውን ፍጡር ፍለጋ ሬዲዮ መክፈት ለምን እንዳስፈለገ እኔ አልገባኝም፤ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ብትገቡ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? ዲላ ያን ሰሞን በሙሉ ታነቀ። ትናንት ዶሮ ስትፈለፍልበት የነበረ የሬዲዮ ሣጥን በጋቢ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ይተኛ ጀመር። ባለቤቱ መሬት ላይ። ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሻጮች ደንበኞቻቸው ከሴት ወደ ወንድ ሲቀየሩባቸው «ወጥ መሥራት ጀመራችሁ እንዴ?» እያሉ ይሳለቁ ነበር። ያወቀ ሁሉ ደላላ ሆነ፤ ያላወቀው ደግሞ አማካሪ።

በዚህ ግርግር መሀል ነው እማማ ሎሚ የሚባሉ አሮጊት ደጄ ድረስ የመጡት። ከመንደራቸው ከኢዲዶ ይርጋጨፌ በሞተር ሳይክል፣ ከይርጋጨፌ ዲላ በአውቶቡስ፣ ከመናኸሪያው እኔ ቤት በባጃጅ፤ ጃንጥላቸውን እንደ ጦር ጨብጠው። የጎረቤታቸውን ቴፕ ጠግኜ ስለነበር ስሜ ኢዲዶ ድረስ ደርሷል። እማማ ሎሚ የአፍ መፍቻቸው ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ገበያ ውስጥ በመሆኑ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚሉት። ሚኒስትር ቢመጣም አንቺ ነው።

«መምህር አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄ ልትጋደል ነው። ሁለቱም ልጄ ነው። ነይ አድኚኝ።»

ሳስቀምጣቸው ነገሩን አጫወቱኝ። ባለቤታቸው አቶ ጅግሶ በጉብዝናቸው ዘመን፣ ቡና በደህና ዋጋ በተሸጠበት ዓመት፣ ለአካባቢው የመጀመሪያ የሆነ ሬዲዮ ገዝተው ነበር። ያኔ ኢዲዶ መብራት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሬዲዮኑ ከመኪና ባትሪ ጋር ይያያዛል፤ ግን በቀጥታ ሳይሆን በመሀል አንዲት ከባድ የብረት ሳጥን አለች። ባትሪው ለሳጥኗ፣ ሳጥኗ ለሬዲዮኑ። ስትሠራ እንደ ንብ ትጮኻለች፤ አገሬው ስሟንም «ንቢቱ» ብሏት ነበር። ዜና ሊሰማ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ንቢቱን ነው።

አቶ ጅግሶ ሲሞቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። መሬቱ ተከፈለ፣ ቡናውና እንሰቱ ተከፈለ፣ ከብቱ ተከፈለ። ሬዲዮኑ ጋ ሲደረስ ሽማግሌዎቹ ፍትሕ እንዳይጓደል ብለው፣ ሬዲዮኑን ለታላቁ ለታደሰ፣ ሳጥኗን ለታናሹ ለዱካሌ ሰጡ። አያችሁልኝ? ሰሎሞን ሕፃኑን ለሁለት ሊያስቆርጥ ሲል የጮኸች እናት ነበረች። እዚህ እናቲቱን የጠየቃቸው የለም። ሽማግሌዎቹ ግን እኩል አካፈልን ብለው ተመርቀው፣ በልተው ጠጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሬዲዮኑም አልተናገረ፣ ሳጥኗም አልጮኸች። ታደሰ ሬዲዮኑን ዳንቴል አልብሶ ፎቶግራፍ ደረደረበት። ዱካሌ ሳጥኗን በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ማስደገፊያ አደረጋት። አንዱ ለአንዱ ቢያውሰው ሁለቱም ዜና ይሰሙ ነበር። ይህ ግን እንዴት ይሆናል? ወንድም እንዲጠቀም ከማድረግ የራስን ንብረት ዲዳ አድርጎ ማኖር ይሻላል! ይህ በኢዲዶ ብቻ የሚደረግ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚህ በላይ ብዘረዝር ግን ወጌ ወግ መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል።

ያም ሆኖ እስከ ሜርኩሪው ወሬ ድረስ ወንድማማቾቹ በሰላም ይኖሩ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ምናሴ የሚባል የዲላ ደላላ ነው። ሁለት ሞባይልና አንድ ሲም ካርድ ያለው ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ እሱን መግለጽ አያስፈልግም። ምናሴ ኢዲዶ ወጥቶ መጀመሪያ ታደሰ ቤት ገባ። ሬዲዮኑን አገላብጦ አየና፣ በርካሽ ሊገዛው ፈልጎ «ጋሼ፣ የእርስዎ ባዶ ነው። ሜርኩሪው የሚኖረው ሳጥኑ ውስጥ ነው» አለው። ከዚያ ዱካሌ ቤት ገብቶ ሳጥኗን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና፣ እሷንም በርካሽ ሊገዛ ፈልጎ «የአንተ ቆርቆሮ ነው። ሜርኩሪው ሬዲዮኑ ውስጥ ነው» አለው። ብልጥ ነኝ ብሎ ነው። ሁለቱም ግን የራሳቸውን መሸጥ ትተው የወንድማቸውን መመኘት ጀመሩ። ታደሰ «አባቴ ሞቶ ሀብቱን ታናሼ በላው» አለ። ዱካሌ «ታላቄ ሽማግሌዎቹን ገዝቶ አታለለኝ» አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እነሱ ደግሞ በማያዩት ወተት ተካሰሱ።

ሰላምታ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ተቀምጦ፣ አንዱ የጀመረውን መዝሙር ሌላው አይቀበልም አለ። የታደሰ ልጅ ሠርግ እየደረሰ ነበር፤ አጎቷ እንዳይጠራ ተባለ። በመጨረሻ ዱካሌ ገበያ በሄደበት ታደሰ ሳጥኗን ሊያወጣ ቤቱ ሲገባ፣ ዱካሌ ዣንጥላ ረስቶ ቢመለስ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ መጥረቢያ እስከ መማዘዝ ደረሱ። እማማ ሎሚ በሰባ ምናምን ዓመት ጉልበታቸው መሀል ገብተው ነው ያገላገሉት። ክንዳቸው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ገለጥ አድርገው ቁስሉን አሳዩኝ።

«ይሄ ሳጥን ምን እንደሆነ ንገሪያቸው። እኔ ብነግር አትሰማም። አንቺ ተምሯል።»

ያን ቁስል ካየሁ በኋላ እንቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ቅዳሜ ዕለት ኢዲዶ ወጣሁ። የቡና ለቀማው ወቅት ነበር፤ በየማድረቂያው አልጋ ላይ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፣ ሥራ በሥራ ላይ ነው። ሥራውን ሁሉ ጥሎ ግን ሰዉ እማማ ሎሚ ግቢ ተኮልኩሏል። ወንድማማቾቹ አንዱ የሌላውን ቤት ስለማይረግጥ የተገናኘነው እናታቸው ቤት ነው። ታደሰ ሬዲዮኑን ታቅፎ በአንድ ጥግ፣ ዱካሌ ሳጥኗ ላይ ተቀምጦ በሌላ ጥግ። ምናሴም አለ፤ ነጭ ሽንኩርት በላስቲክ ይዞ።

ሳጥኗ መሀል ላይ ስትቀርብ ሊቃውንቱ ጀመሩ። አንዱ «የጣልያን ፈንጂ ናት፣ አትንኳት» አለ። ሌላው ጄኔሬተር ናት አለ። አንድ ሽማግሌ የወርቅ ሚዛን መሆኗን በአያታቸው ማሉ። አላውቅም ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ንቢቱ ስትጮህ በጆሮአቸው የሰሙ ሰዎች ነበሩ እኮ! ወሬው ከመጣ ወዲህ የሰሙትን ረስተው የተነገራቸውን ያስታውሱ ጀመር።

አቧራዋን ጠረግሁላት። ጽሑፉ ከተለጠፈባት ብረት ላይ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ገመዶቿ ግን ይናገራሉ። በአንድ ወገን የሚወጡት ሁለቱ ጣት ያህል ወፍራም ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ያለው መቆንጠጫም የባትሪ አሲድ በልቶት አረንጓዴ ሆኗል፤ ስለዚህ መግቢያዋ ከባትሪ ነው። በሌላው ወገን የሚወጣው ቀጭን፣ ጨርቅ የለበሰ ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ። ታደሰን «ሬዲዮኑን አዙረው» አልኩት። ከጀርባው ሦስት እግር ያለው መሰኪያ ብቅ አለ። ሶኬቱን ሰካሁት። እንደ እጅና ጓንት ገጠመ።

«አያችሁ፣» አልኩ፤ «የድሮ ሬዲዮ በውስጡ አምፖሎች አሉት። አምፖሎቹ የሚፈልጉት ጉልበት ከባትሪ ጉልበት እጅግ ይበልጣል። ይቺ ሳጥን የባትሪውን ትንሽ ጉልበት አባዝታ የምትሰጥ ናት። ውስጧ የምትንቀጠቀጥ የብረት ምላስ አለች፤ እንደ ንብ የምትጮኸው እሷ ናት። ሬዲዮ ያለ ሳጥኗ ዲዳ ነው፤ ሳጥኗም ያለ ሬዲዮ ጩኸት ብቻ ናት። አለቀ።»

ክዳኗን ፈታሁት። ከአይጥ ጎጆ መሀል የብር ቀለም ያላት፣ ዙሪያዋን የተደፈነች፣ ትልቅ አውራ ጣት የምታህል ጣሳ ብልጭ አለች። ምላሷ የምትኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ምናሴ ግን «ይኸው!» ብሎ ሲጮህ ግማሹ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ግማሹ ወደ ፊት ተጋፋ። ነጭ ሽንኩርቱን አስጠጋባት። ምንም የለም። ፈልጦ አስጠጋባት። ምንም የለም።

«ይሄ ነጭ ሽንኩርት የቻይና ነው» አለ።

እና አመኑት! እኔ ፊት ለፊታቸው ሶኬቱን ከመሰኪያው ጋር አግባብቼ ያልታመንኩ ሰውዬ፣ እሱ የሽንኩርት ዜግነት ቆጥሮ ታመነ።

በቃል እንደማይሆን ገባኝ። ሁለቱንም ዲላ ወስጄ ልጠግንና በጆሮአችሁ ስሙ አልኳቸው። ታደሰ ሬዲዮኑን ለዱካሌ ማስረከብ አይፈልግም፤ ዱካሌም ሳጥኗን ለታደሰ። ለእኔ ግን ሁለቱም ዓይናቸውን ሳያሹ ሰጡኝ። ወንድም ከሚይዘው ባዳ ይያዘው!

ጥገናው ቀላል አልነበረም። ሳጥኗ ውስጥ ያሉት በሰም የተለበጡ፣ ኤሌክትሪክ የሚያቁሩ ኮንደንሰሮች ዘመን አልፎባቸው ሰማቸው ተንጠባጥቧል፤ ከሞተ ቴሌቪዥን ሆድ ሌላ አውጥቼ ተካሁላቸው። አይጥ የበላውን ገመድ ቀየርኩ። ጣሳዋን በጥንቃቄ አፏን ፈልቅቄ ስከፍታት፣ ምላሷ ሳትነቃነቅ ደርቃ፣ የምትነካካባቸው ነጥቦች ጠቁረው አገኘሁ። ድምፅ እንዲያፍን ዙሪያዋን የተጠቀጠቀው ስፖንጅም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይዝለገለጋል። ስፖንጁን ጠራርጌ ጣልኩ፤ ነጥቦቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ከጎረቤቴ ባጃጅ ባትሪ ተበድሬ ሳያይዛት ንቢቱ አንዴ አነጠሰችና ዘመረች። የሬዲዮኑ አምፖሎች ቀስ እያሉ እንደ ፍም ቀሉ። ዘልዬ አስቴርን አቀፍኳት።

«ጠረጴዛው ላይ ልናቀርብ እንችላለን ማለት ነው?» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢዲዶ ተመለስኩ። ቡና ሊጭን የመጣ አይሱዙ ባትሪውን አበደረን። ሽቦ ከጣሪያው እስከ አቮካዶው ዛፍ ዘረጋን። ቁልፉን ስነካው ንቢቱ ጮኸች፤ እማማ ሎሚ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ባላቸው በጎረምሳነታቸው በሩ ላይ የቆሙ ይመስል ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ ሬዲዮኑ ተንጫጫ፣ ተንጫጫና፣ አንዲት ሴት ጥርት ባለ ድምፅ ስለ ዶሮ ሳል መናገር ጀመረች። የታመመችውን ዶሮ ከጤነኞቹ ለይታችሁ አኑሩ አለች። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ! የሀገር ነጻነት የታወጀ ነበር የሚመስለው።

ታደሰና ዱካሌ ወደ ሬዲዮኑ ሲጠጉ፣ ሲጠጉ፣ ሳያስቡት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። እኔም በልቤ፣ ፊዚክስ ሽማግሌዎች ያበላሹትን አስተካከለ ብዬ ኮራሁ። እዚህ ላይ ጸጥ ብዬ ባትሪውን መልሼ ወደ ዲላ ብሄድ ኖሮ!

ታደሰ በፍቅር ዞሮ «ለመሆኑ መምህር፣ ምኗ ነበር የተበላሸው?» አለኝ።

አስተማሪ ሲጠየቅ አያስችለውም። ጣሳዋን በጣቴ አሳየኋቸው፦ «ይቺን ከፈትኳት። ውስጧ የቀለጠ ነገር ነበር። ጠራርጌ ጣልኩት።»

የዶሮዋ ሴትዮ ብቻ ነበረች የምትናገረው።

«ጣልከው?» አለ ታደሰ።

«ጣልከው?» አለ ዱካሌ።

«የሚዝለገለግ ነበር?» አለ ምናሴ ከኋላ።

«አዎ፣ ስፖንጅ ነው፤ ሲያረጅ ይቀልጣል...»

«ቀለሙስ?»

የተማረ ሰው ሞኝነቱ ትክክለኛ መልስ መውደዱ ነው። «ጠቆር ያለ፣» አልኩ፤ «ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ከኢዲዶ በምን ዓይነት ፍጥነት እንደወረድኩ አይጠየቅ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ጥበቃው ከዚህ በፊት አድርጎት የማያውቀውን፣ ቆቡን አውልቆ ሰላም አለኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሐዋሳ ላይ ፎቅ እየጨረስኩ መሆኔን ከባልደረቦቼ ሰማሁ። የቤት አከራያችን የሰው ሀብት ዝም ተብሎ እንደማይታይ በምሳሌ አጫወተን። ከግቢያችን ጀርባ ያለችው የቆሻሻ ጉድጓድ ተቆፍራ፣ ተቆፍራ፣ ውኃ ልታወጣ ደረሰች። አስቴር ራሷ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ወንድማማቾቹ መጡ። ዝናብ ነበር፤ በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው። ታደሰ ዱካሌን «አንተ ተናገር» ይለዋል፣ ዱካሌ «ታላቅ እያለ?» ይለዋል። እንዲህ ያለ መከባበር ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም። ያባታቸውን ሀብት በደግነት እንድመልስላቸው ለመኑኝ፤ ሁሉንም ካልሆነ እኩሌታውን። ማስረጃ ብለው ያመጧትን ጣሳ ከፍቼ «ባዶ ናት እኮ!» አልኳቸው።

«ባዶ መሆኗንማ እያየን ነው» አለ ዱካሌ።

ለሳምንታት ተመላለሱ፤ ሲሰለቻቸው ተዉኝ። ሬዲዮኑና ሳጥኗ አሁን ተያይዘው እማማ ሎሚ ቤት ናቸው። ወንድማማቾቹ ማታ ማታ እዚያ እየተሰበሰቡ ዜና ይሰማሉ፤ ከዜናው በኋላ እኔን ያማሉ ይባላል። ምናሴ ለሁለቱም አማካሪ ሆኗል።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል እማማ ሎሚ ዲላ መጡ። አንድ ማሰሮ ማር ይዘው፣ ክንዳቸው ድኖ፣ ፊታቸው በርቶ። እጄን ይዘው ሳሙት። እኔም በመጨረሻ አንድ ሰው እውነቱን አወቀልኝ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ልጄ ታርቋል» አሉ። «አንድ ላይ ይበላል፣ አንድ ላይ ይጸልያል። ብትሰርቂም ባትሰርቂም፣ ጌታ ይባርክሽ።»

«አልሰረቅኩም እኮ፣ እማማ!»

«እሺ፣ እሺ» አሉ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። «ሠርጉ ላይ ግን አትምጪ። ይደበድቡሻል።»

አሜን አልኩና ማሩን ተቀበልኩ።